ሻጩን ስናወግዝ ገዢው ወዴት ሄደ?
ስለ አንድ የወንበዴዎች ፊልምና ስለ ራሳችን

ባለፈው የበረዶ ወራት፣ ዋሊሰለን በምንሰበሰብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ «የኤዲ ኮይል ወዳጆች» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ለማኅበራችን አባላት ታይቶ ነበር። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ግን እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ፤ ወደ ጄኔቫ የሚመለሱት ጓዶችም የመጨረሻው ባቡር አምልጧቸው ካፖርታቸውን ወለል ላይ አንጥፈው አደሩ። ነገሩ በዚያው ቢያበቃ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባላስፈለገ ነበር። ዳሩ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለት የተቃውሞ ጽሑፎች ለዝግጅት ክፍላችን ደረሱ። አንደኛው ፊልሙን የከበርቴው ዓለም ግሳንግስ ነው ይለዋል። ሁለተኛው ከዚያ አልፎ ፊልሙን የመረጥነውን ሰዎች ለከሃዲ እንባ የምናፈስ ወላዋዮች አድርጎ ይከስሰናል። ለሁለቱም መልስ መስጠት ግዴታችን ነው፤ ይልቁንም ለሁለተኛው፣ ጉዳዩ ከፊልም ያለፈ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።)

በአንደኛው ተቃውሞ ላይ ብዙ አንቆይም። ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ አባቶቻችን አዳራሹን «ሰይጣን ቤት» ብለው ሰይመውት እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል። ተቃዋሚ ጓዳችን የተናገሩት ከዚያ የተለየ ሆኖ አላገኘነውም፤ የተለወጠው ቃሉ ብቻ ነው። አባቶቻችን ሰይጣን ያሉትን እርሳቸው የባህል ኢምፔሪያሊዝም ብለውታል። እኚሁ ጓድ በ1972 ዓ.ም. የወጣውን፣ ወንበዴዎችን እንደ ነገሥታት በወርቃማ ብርሃን አስቀምጦ የሚያሳየውን «የክርስትና አባት» የተባለውን ፊልም ከአንዴም ሁለት ጊዜ በዚያችው ክፍል አብረውን ሲያዩ አንዳች ቅሬታ አላሰሙም። እዚያ ወንበዴው ጌታ ነው፤ እጁ ይሳማል። እዚህ ወንበዴው የዕለት እንጀራ ያሳሰበው ምስኪን ነው። ግሳንግስ የተባለው የትኛው እንደሆነ ልብ ይሏል።

እንግዲህ ፊልሙን ላላዩት አንባቢዎቻችን ታሪኩን በመጠኑ እናውጋ።

«የኤዲ ኮይል ወዳጆች» በ1973 ዓ.ም. የወጣ፣ ፒተር ዬትስ የተባለ እንግሊዛዊ በቦስተን ከተማ ያዘጋጀው ፊልም ነው። መነሻው ጆርጅ ሂጊንስ ያሳተመው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ደራሲው በሙያው የመንግሥት ዐቃቤ ሕግ ስለ ነበረ ወንበዴና ፖሊስ እንዴት እንደሚነጋገሩ በጆሮው የሰማውን ነው የጻፈው። ኤዲ ኮይልን ሆኖ የሚጫወተው ሮበርት ሚቸም ነው። ኤዲ ዕድሜው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት፣ በወንጀለኞች ዓለም ውስጥ ከታችኛው እርከን ያልወጣ ሰው ነው። ሥራው የጦር መሣሪያ ማቀበል ነው፤ ከአንዱ ገዝቶ ለሌላው ይሸጣል። አንድ ጊዜ ያቀበለው መሣሪያ መነሻው ታውቆ ገዢው ሲታሰር፣ ቅጣት ብለው እጁን በመሳቢያ ውስጥ አስገብተው በእግራቸው ረግጠው ዘጉበት፤ ጣቶቹ ተሰባበሩ። እርሱ ግን ይህንን ሲናገር አያማርርም። የሥራ ደንብ ነው ይላል፤ የመቱትም ሰዎች ክፉ ስለ ሆኑ እንዳልመቱት ያስረዳል። ከዚህ ቦታ ጀምሮ ነው እኛ ቀና ብለን መቀመጥ የጀመርነው። ሰው የተሰበረበትን ሥርዓት ራሱ ሲከላከል ማየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለምና።

ኤዲ የተሰረቀ ውስኪ በካሚዮን ሲያጓጉዝ ተይዞ ፍርድ ይጠብቀዋል። ዕቃው የእርሱ አልነበረም፤ የላከው ዲለን የተባለ የመጠጥ ቤት ሠራተኛ፣ ወዳጁ ነው። ኤዲ የዲለንን ስም አላወጣም። ይህ በፊልሙ ውስጥ እምብዛም ሳይጎላ የሚያልፍ ነገር ቢሆንም የታሪኩ ሁሉ ምሰሶ ነው፤ ሰውዬው መጀመሪያ ላይ ታማኝ ነበረ። እስር ቤት እንዳይገባ፣ ልጆቹም የመንግሥት ተረጂ ሆነው በጎረቤት ፊት እንዳይዋረዱ፣ ፎሊ ወደሚባል የመንግሥት መርማሪ ይቀርባል። ፎሊ ደግሞ ጥሩ አነጋገር ያለው፣ የማይጮኽ፣ የማይማታ ወጣት ነው። አንድ ነገር አምጣልኝና ስለ አንተ ለዐቃቤ ሕጉ እናገራለሁ ይለዋል። ኤዲ ጠመንጃ የሚሸጥለትን ወጣት አሳልፎ ይሰጠዋል። ወጣቱ በባቡር ጣቢያ መኪና ማቆሚያ ላይ ተይዞ ሲወሰድ፣ ኤዲ ዕዳዬን ከፈልሁ ብሎ ይተነፍሳል። ፎሊ ግን ይህ አይበቃም ይላል። ሌላ ጨምር። ከዚያም ሌላ።

በመጨረሻ ኤዲ፣ ባንክ የሚዘርፉትንና የባንክ ኃላፊዎችን ቤተሰብ በቤታቸው የሚያግቱትን፣ መሣሪያቸውንም ራሱ ያቀበላቸውን ሰዎች ለመሸጥ ይወስናል። ሲመጣ ግን ገበያው ተዘግቷል፤ ሰዎቹ ቀድመው ተይዘዋል። ሌላ ሰው ቀድሞት ሸጧቸዋል። ያ ሌላ ሰው ዲለን ነው፤ ኤዲ ስሙን ያላወጣለት ያው ዲለን፣ በየጊዜው ከፎሊ እጅ ሃያ ሃያ ዶላር የሚቀበል ጠቋሚ ኖሯል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው። የወንበዴዎቹ አለቆች ከሃዲውን ሲፈልጉ ጥርጣሬያቸው በኤዲ ላይ ይወድቃል፤ ኤዲን እንዲገድል የሚያዝዙትም ዲለንን ነው። ዲለን ዋጋውን አስቀድሞ ይጠይቃል። ከዚያ ኤዲን የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ሊያሳየው ይወስደዋል፤ ቢራ ያጠጣዋል። ኤዲ በዚያ ምሽት ደስ ብሎት ስለ አንድ ወጣት ተጫዋች የወደፊት ዕድል እየተደነቀ ያወራል፤ ምሽቱም በሕይወቱ ሳናየው የቀረን የደስታ ፊት የሚያሳየን ብቸኛው ምሽት ነው። ሰክሮ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ሲወስደው ወዳጁ በጥይት ይገድለዋል። በመጨረሻው ትርኢት ፎሊና ዲለን በአንድ ሰፊ አደባባይ ጎን ለጎን እየሄዱ ሲነጋገሩ እናያለን። ፎሊ ስለ ባንክ ዘራፊዎቹ ጥቆማ ያመሰግነዋል። ስለ ኤዲ ሞት ዲለን የሚናገረው የለም፤ ፎሊም አጥብቆ አይጠይቅም።

ፊልሙ ያለ ብዙ ሙዚቃ፣ በደበዘዘ የመጸው ብርሃን፣ በርካሽ ቡና ቤቶችና በመኪና ማቆሚያዎች ውስጥ የተነሣ ነው። ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ነው። ጀግና የለም። ከጓዶቻችን አንዷ እንዳለችው፣ ማንም ማንንም «ወዳጄ» ሳይል ውሎ አያድርም፤ ቃሉ በተደጋገመ ቁጥርም አንድ ሰው እየተሸጠ መሆኑን ተመልካች ያውቃል። የፊልሙ ስም ራሱ ይህንን ነው የሚያላግጠው። ኤዲ ኮይል ወዳጆች ነበሩት፤ ሁሉም በተራ በተራ ዋጋ አውጥተውበታል፤ እርሱም እንዲሁ በሌሎች ላይ።

ሁለተኛው ተቃዋሚያችን የሚሉት እንግዲህ ይህንን ነው፦ ኤዲ ከሃዲ ነው፤ ወጣቱን ሽጦታል፤ ለሞቱ ማዘን ለክህደት ማዘን ነው፤ ለትግል የተሰለፈ ማኅበር እንዲህ ያለውን ሥራ ለአባላቱ ማሳየቱ የንቃት ጉድለት ነው። ይህ አነጋገር ጠንካራ ይመስላል። እኛም ለአንዳፍታ አስደንግጦን ነበር። ግን ቀስ ብለን ስንመረምረው አንድ ትልቅ ነገር እንደ ጎደለው አየን። በጠቅላላው ጽሑፋቸው ውስጥ የፎሊ ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

በቋንቋችን ሸቀጥ የሚገዛውም ሕዝብ የሚገዛውም አንድ ስም ነው ያላቸው፤ ሁለቱም ገዢ ይባላሉ። የአገራችን ሰው ይህንን ቃል ሲያወርሰን ምን እንዳሰበ ባናውቅም፣ ለዚህ ፊልም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘንም። ክህደት ሸቀጥ ከሆነ ሻጭ ብቻውን ገበያ አያቆምም። ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሚዛን ይዞ፣ የሰውን ድካም አይቶ ዋጋ የሚቆርጥ ገዢ አለ። ኤዲ የልጆቹን ዳቦ ፈርቶ ይሸጣል። ዲለን በትርፍ ይሸጣል። ፎሊ ግን ሁለቱንም ይገዛል፤ ሁለቱ ሲጨራረሱ ልብሱ ላይ አንዲት የደም ጠብታ አትታይም። ተቃዋሚያችን ይህንን ሰው ዘልለው ኤዲን ሲያወግዙ፣ ያገራችን ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ያለው ዓይነት ነገር ሆኖባቸዋል።

ይህ የሩቅ የቦስተን ታሪክ ነው የሚል ቢኖር፣ የምንኖርባትን የስዊስን ምድር ይመልከት። በ1976 ዓ.ም. ሪቻርድ ዲንዶና ኒክላውስ ማየንበርግ «የአገር ከሃዲው የኤርንስት ኤስ. መረሸን» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ሠርተው ነበር። ኤርንስት ኤስ. በዛንክት ጋለን ያደገ፣ ድኻ፣ ሥራ መርጦ መያዝ ያልቻለ፣ መዝፈን የሚወድድ ወጣት ወታደር ነበር። ጥቂት የጦር መሣሪያ ጥይት ሰርቆ ለጀርመኖች ሰላይ በጥቂት ፍራንክ ሸጠ። በኅዳር 1942 ዓ.ም. ገና በ23 ዓመቱ ጫካ ውስጥ ረሸኑት። በዚያ ጦርነት ስዊስ በአገር ክህደት የረሸነቻቸው 17 ሰዎች ናቸው። በዚያው ዘመን ደግሞ እዚሁ ዙሪክ፣ ከዋሊሰለን በእግር በሚደረስበት በኤርሊኮን ሰፈር፣ የኤሚል ቡርሌ ፋብሪካ ለሂትለር ጦር መድፍ በገፍ ይሸጥ ነበር። ቡርሌ አልተረሸነም። የአገሩ ቁጥር አንድ ባለጠጋ ሆኖ ሞተ፤ የሰበሰባቸውም ሥዕሎች ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ በዙሪክ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር አዲስ ሕንፃ ውስጥ ተሰቅለዋል፤ የሚሻ ሄዶ ሊያያቸው ይችላል። ዲንዶና ማየንበርግ ሁለቱን ጎን ለጎን ስላቆሟቸው የአገሩ ባለሥልጣኖች እጅግ ተቆጡ፤ ለፊልሙ የታሰበውንም የመንግሥት ሽልማት ከለከሉት። በእጁ ይዞ የሸጠ ከሃዲ ነው፤ በባቡር ጭኖ የሸጠ ኢንዱስትሪያሊስት ነው። ይህንን ለመረዳት ስዊስ መሆን አያሻም።

በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የዚህች አገር ምክር ቤት መርማሪ ኮሚሽን በርን በሚገኘው የፌዴራል ፖሊስ ቤት ወደ 900,000 የሚጠጉ ሰዎችና ድርጅቶች የተመዘገቡባቸው የምስጢር ካርዶች ተቆልለው አገኘ። በካርዶቹ ላይ ከሰፈሩት ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ስብሰባ የሄደ፣ ጋዜጣ ያዘዘ፣ ሰልፍ የወጣ ሁሉ በካርድ ላይ ሰፍሯል። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ካርዱን እንዲያይ ጠየቀ፤ ብዙዎችም አዩ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ትምህርት አለው። ካርዱን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የመንግሥቱን እጅ ሳይሆን የጎረቤቱን ስም ነበር። ማን ነገረብኝ? የጠቋሚዎቹ ስም በጥቁር ቀለም ተሰርዞ ነው የተሰጠው፤ ስለዚህ ሰዎች ለዓመታት ጎረቤቶቻቸውን ሲጠራጠሩ ኖሩ። ካርዱን ያዘጋጀው ቤት ስሙ አልተሰረዘም ነበር፤ በራስጌው ላይ በጉልህ ታትሟል።

ስለ ጄኔቫም አንድ ቃል እናክል፤ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሰኔ 30 ቀን 1936 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ሲናገሩ ፉጨት ያሰሙት የኢጣሊያ ጋዜጠኞች ነበሩ። ፉጨቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ነገር ግን ጠላት ቢያፏጭ ምን ይደንቃል? አገራችንን የሸጧት ያላፏጩት ናቸው፤ በጨዋ ዝምታ አዳምጠው፣ በሐምሌ ወር በሞሶሎኒ ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ያነሡት ወዳጆች። በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ ያለን አቋም የታወቀ ነው፤ ይህ ግን የአንድ ንጉሥ ብቻ ሳይሆን የአንድ ሕዝብ ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ፤ የተቃዋሚያችን ጽሑፍ ያስቀየመን በዚህ በኩል ነውና።

ይህ ማኅበር የቀድሞው የአውሮጳ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ትግል ወራሽ ነኝ ይላል። ውርስ ከሆነ ዕዳውም አብሮ ይወረሳል። በ1968 ዓ.ም. ሀምቡርግ ላይ መኢሶንን ያቋቋሙትና በ1972 ዓ.ም. በርሊን ላይ ኢሕአፓን ያቋቋሙት ሰዎች የአንድ ትግል ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በአንድ ጉባኤ የተሟገቱ፣ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ያረመ፣ በአንድ ማዕድ የበሉ ናቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንደኛው ወገን ሌላውን ባንዳ፣ ሌላውም አንደኛውን አናርኪስት ሲል፣ ቃላቱ በጥይት መሙላት ጀመሩ። የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ በ1976 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ስንት ወጣት በየጎዳናው እንደ ተጣለ መዘርዘር አያስፈልገንም። በ1977 ዓ.ም. ነሐሴ መኢሶንም በተራው ከደርግ ጋር ተለያይቶ ኅቡዕ ገባ። የመኢሶኑ ኃይሌ ፊዳና የኢሕአፓው ብርሃነ መስቀል ረዳ፣ ሁለቱም በ1979 ዓ.ም. በአንድ ገዳይ እጅ ሞቱ። ባንዳ የተባለውም አናርኪስት የተባለውም አንድ ጉድጓድ ነው የጠበቃቸው።

በየቀበሌው ማጋለጥ በሚባለው ስብሰባ ላይ ወንድም በወንድሙ፣ ተማሪ ባብሮ አደጉ ላይ እጁን እንዲጠቁም ተደረገ። የጠቆመውን እናውቀዋለን፤ ስሙን እስከ ዛሬ በየቤቱ በሹክሹክታ እንጠራዋለን፤ ልጆቹም ሳይቀሩ በዚያ ስም ይታወቃሉ። ያስጠቆመውን ግን ምን አደረግነው? ከፊቱ ወረቀትና ሽጉጥ አስቀምጦ የተቀመጠውን ሰው ስሙን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ጠቋሚውን ነጻ እናውጣው ማለታችን አይደለም። ይህንን አሥር ጊዜ ብንደግመውም ተቃዋሚያችን እንደማይሰሙን እንጠረጥራለን፤ ቢሆንም እንደግመዋለን፦ ኤዲ ኮይል ወጣቱን ሲሸጥ በደለ፤ በቀበሌ ወንድሙን የጠቆመም በደለ። ነገር ግን በደሉን በእርሱ ላይ ብቻ ጭነን የምንሄድ ከሆነ ገበያው እንደ ተከፈተ ይቀራል፤ ነገም ሌላ ሻጭ ይመጣል።

ከእኛ ወገን ይህንን በፊልም ያሳየ ሰው አለ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 ዓ.ም. በቬኒስ የልዩ ዳኞች ሽልማትን፣ በ2009 ዓ.ም. በዋጋዱጉ የየኔንጋን ፈረስ አገኘ። ጀርመን አገር የተማሩ ሁለት ወዳጆች፣ አንበርብርና ተስፋዬ፣ አገራቸውን ሊያገለግሉ ይመለሳሉ። ተስፋዬ የሚሞተው ከቅኝ ገዢ በተተኰሰ ጥይት አይደለም፤ በአብዮቱ ስም በተሰበሰቡ የገዛ አገሩ ሰዎች እጅ ተቀጥቅጦ ነው። አንበርብርም ተመልሶ በተላከበት በምሥራቅ ጀርመን፣ ወንድማማች ሶሻሊስት አገር በተባለችው፣ ዘረኞች ከመስኮት ወርውረውት እግሩን ያጣል። በ1990 ዓ.ም. ጣና ዳር ወዳለችው መንደሩ ሲገባ ሕፃናት ከአፈሳ ለማምለጥ በዋሻ ተደብቀው ያገኛቸዋል። «ጤዛ» የወንበዴዎች ፊልም አይደለም። ከ«ኤዲ ኮይል» ይልቅ ሰፊ ነው፤ ለእኛም እጅግ የቀረበ ነው፤ ከርዝመቱም የተነሣ አንዳንድ ቦታ ይላላል ብለን ሳንፈራ እንናገራለን። ሁለቱን ያየ ሰው ግን ከአንድ ነገር አያመልጥም፤ ወዳጅነት የተባለው ነገር ከላይ በተቀመጠው ኃይል ሲጠመዘዝ የሚያሰማው ድምፅ በሁለቱም ፊልም ያው ነው። «ጤዛ»ን አጨብጭበን ስናይ ወላዋይ ያለን አልነበረም። የእኛ ሰው ስለ ሞተበት ይሆን?

ተቃዋሚያችን አንድ ብርቱ ነጥብ አላቸው፤ እርሱን ሳንመልስ ብናልፍ ሐቀኞች አይደለንም። በኅቡዕ የሚታገል ድርጅት ከሃዲውን ቢምር ያልቃል ይላሉ። እውነት ነው። ዣን ፒየር ሜልቪል በ1969 ዓ.ም. የሠራው «የጥላዎች ሠራዊት» የተባለው ፊልም ስለዚሁ ነው፤ ሜልቪል ደግሞ ራሱ በፈረንሳይ የፀረ ናዚ ትግል ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። በፊልሙ ታጋዮቹ ማርሴይ ላይ አንድ ከሃዲ ወጣት ይይዛሉ። ከጎረቤት ቤት ሰው ስላለ ጥይት መተኰስ አይችሉም፤ በፎጣ አንቀው ይገድሉታል። ኋላም ከሁሉ ብልህ የነበረችውን ጓዳቸውን፣ ማቲልድን፣ ናዚዎች በልጇ ፎቶግራፍ አስፈራርተው ስለ ለቀቋት በመንገድ ላይ ይገድሏታል። ፍርዱ ትክክል ነበረ ወይስ አልነበረም? ሜልቪል አይፈርድልንም። ነገር ግን ካሜራውን ከገዳዮቹ ፊት ላይ አያነሣም። ከመካከላቸው አንዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የሚገድለው፣ እንባ ዓይኑ ላይ ሞልቶ እናየዋለን። የእኛ ድርጅቶች ሲገድሉ ግን መግለጫ ነው ያወጡት፤ በመግለጫውም ውስጥ እንባ ቀርቶ የሟቹ የቀድሞ ጓድነት እንኳ አልተጠቀሰም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደግሞም እነዚያ ሰዎች ጌስታፖ በር ላይ ቆሞባቸው ነበር። በእኛ በር ላይ የቆመው ማን ነው? ዙሪክ ውስጥ ያለ የባቡር ተቆጣጣሪ?

ይህን ሁሉ ያስጻፈን ነገር እንግዲህ ይኸው ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የአንድ አባላችን ስም ከማኅበሩ መዝገብ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ክሱ ጆሮ ጠቢ ነው የሚል ነው። ማስረጃው ሦስት ነገር ነው ተብሏል። አንደኛ፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሲገባ ታይቷል። ሁለተኛ፣ እናቱ በታመመች ጊዜ ገንዘብ ከየት እንዳገኘ አልተናገረም። ሦስተኛ፣ «የኤዲ ኮይል ወዳጆች» በታየበት ምሽት ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥቶ ወጥቷል። ሦስተኛውን ስናነብ መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ቀልድ አልነበረም። ያንን ፊልም ማየት የንቃት ጉድለት ነው ያሉት ጓድ ከዚያው ፊልም መውጣት የክህደት ምልክት ነው ብለው ፈርመዋል።

ግለ ሒስ ማድረግ ካለብን እዚህ ላይ እናድርግ። ወሬው መሰማት ከጀመረ ወራት ሆኖታል። ከእኛም መካከል ለዚያ ልጅ ሰላምታ የነፈግነው አለን። ቡና ስንጠጣ ሲመጣ ወሬያችንን አቋርጠናል። አንዳችንም ቀርበን ወንድም፣ ምን ሆነህ ነው አላልነውም። ዲለን እንኳ ኤዲን ከመግደሉ በፊት ቢራ ጋብዞታል።

ስለዚህ አቋማችን የሚከተለው ነው። ክሱ በጽሑፍ ለተከሳሹ ይሰጠው፤ ከሳሾቹም ስማቸውን ይጻፉ። ገባ የተባለበት መሥሪያ ቤት ምን ሊያደርግ እንደ ገባ እርሱ ራሱ በጉባኤው ፊት ይናገር፤ ሊናገር ካልፈለገም ጉባኤው ዝምታውን እንደ ማስረጃ አይቁጠር፤ የእናት ሕመም የጉባኤ ጉዳይ አይደለምና። በእርግጥ አስፈራርቶ ሊገዛው የሞከረ ወገን ካለ፣ የማኅበራችን ሥራ ልጁን ከዚያ እጅ ማላቀቅ እንጂ ወደዚያው እጅ መግፋት አይደለም። መርማሪው ፎሊ ለኤዲ ከሰጠው ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር ነበረው፤ ኤዲ ሌላ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለው ያውቅ ነበር። እኛ የዚያን ልጅ ስም ስንሰርዝ ያንኑ ዕውቀት ለገዢው በነጻ እንሰጠዋለን።

ሐሳቡ በድምፅ ብልጫ ካለፈ የዚህ ዝግጅት ክፍል አባላት ስማቸው አብሮ እንዲሰረዝ ከወዲሁ ጠይቀዋል፤ የጥያቄው ደብዳቤ ለጸሐፊው ደርሷል። ጉባኤው ጄኔቫ ላይ ነው። ተከሳሹ የባቡር መሳፈሪያ እንደሌለው ሰምተናል፤ ከዙሪክ የሚነሡ ጓዶች ቲኬቱን አብረው ይግዙለት፤ ከመካከላቸውም አንዱ ከጎኑ ይቀመጥ።